ቀን ቅርፊት፣ ሌሊት ንብ

ከአሶሳ ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ዝናቡ አባርቶ ሣሩ ከሰው ቁመት በላይ ባደገበት ወቅት፣ አንድ የወይባ ግንድ ፊት እንቁም። ቅርፊቱ ከግራጫ እስከ ጥቁር ይሄዳል፤ በቁመቱ ተሰነጣጥቋል፤ እዚህም እዚያም ነጣ ያለ የዛፍ ሽበት ጣል ጣል ብሎበታል። ዓይን ግንዱን ከላይ እስከ ታች ቢዳስሰው የሚያርፍበት የተለየ ነገር አያገኝም። ከትከሻ ከፍታ ጥቂት ዝቅ ብሎ ግን ከአውራ ጣት የሚረዝም አንድ እብጠት አለ። ጥቁር ቡናማ ነው፤ በላዩ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስል ቢጫማ ነጠብጣብ ፈሶበታል፤ ጠርዙ ከስንጥቁ ጋር ገጥሟል። በስንጥር ጫፍ ቀስ ብለው ሲነኩት ያ «ቅርፊት» ይከፈታል። የፊት ክንፎቹ ይነሣሉ፣ ከሥራቸው ደማቅ ቢጫ ብልጭ ይላል፣ ቢጫና ጥቁር የተፈራረቀበት ወፍራም ሆድ ይታያል። ከዚያም ይጮኻል። ጩኸቱ ቀጭንና ጥርት ያለ ነው፤ ያልጠበቀው ሰው አይጥ የረገጠ ይመስለዋል።

የዚህ የእሳት እራት ሳይንሳዊ ስም አኬሮንቲያ አትሮፖስ ነው። ስዊድናዊው የተፈጥሮ አጥኚ ሊኒየስ በ1758 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል። በጀርባው ላይ፣ ከአንገቱ ዝቅ ብሎ፣ የሰው ራስ ቅል የሚመስል ምልክት ስላለበት በአውሮፓ ለብዙ ዘመን የሞት መልእክተኛ እየተባለ ተፈርቷል። እኛ ባለ ራስ ቅሉ እንበለው። ክንፉ ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ 13 ሴንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ኢትዮጵያን ጨምሮ ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ የትውልድ ቦታው ነው፤ አውሮፓ የሚታየው ከአፍሪካ ተነሥቶ በየዓመቱ ባሕር እያቋረጠ ነው።

ስለ ነፍሳት መሸሸግ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው የክንፍ ቀለም ብቻ ነው። ነገሩ ግን ከዚያ ይሰፋል። የባለ ራስ ቅሉ መሸሸጊያ ግማሹ ክንፉ ላይ ነው፤ ግማሹ ደግሞ የሚያርፍበት ግንድ፣ የሚበላው ቅጠል፣ የሚገባበት ቀፎ ላይ ነው። ግንዱን ካነሣንበት ክንፉ ብቻውን ምንም አይሸሽግም። ስለ ባለ ራስ ቅሉ ለመጻፍ ስለሚኖርበት አገር መጻፍ ግድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

አሶሳ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 670 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,570 ሜትር ግድም ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የማኦና የኮሞ ሕዝቦች የሚኖሩበት የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል መዲና ነች። ደኑ ፀሐይ የማያስገባ ጥቅጥቅ ጫካ አይደለም። ዛፎቹ ራቅ ራቅ ብለው የቆሙ፣ በበጋ ቅጠላቸውን የሚያራግፉ ናቸው፤ አባሎ፣ ወይባ፣ ዋንዛ፣ ወደ ሱዳን ቆላ ሲወረድ ደግሞ የዕጣን ዛፍ። ከሥራቸው ረጅም ሣር ይበቅላል። በሸለቆዎቹና በተዳፋቱ ላይ ሽመል ተሰልፏል፤ ይህ የቆላ ቀርከሃ ግንዱ ድፍን ወይም ለድፍን የቀረበ በመሆኑ ከደጋው ቀርከሃ ይለያል፤ አገራችን ካላት ሽመል ትልቁ ድርሻ የሚገኘውም በዚህ ክልል ነው። ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይወርዳል። ከዚያ ሣሩ ይደርቃል፤ ከኅዳር ጀምሮ እሳት ይለቀቅበታል። በመሆኑም እዚህ የሚኖር ነፍሳት በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት አገር ያያል፤ አረንጓዴ፣ ገለባማና ጥቁር። በአንዱ የተሸሸገ በሌላው ይጋለጣል።

የባለ ራስ ቅሉ ሕይወት የሚጀምረው በአረንጓዴው ነው። እናቲቱ እንቁላሏን በአንድ ቦታ አትከምርም፤ አንድ በአንድ፣ አብዛኛውን ጊዜ ባረጀ ቅጠል ሥር ታስቀምጣለች። የምትመርጠው የድንችና የቲማቲም ዘመዶችን ነው። ምርጫዋ በየመንገዱ ዳር የሚበቅለውን እንቧይና በየቆሻሻ መጣያው የሚፈላውን አጤ ፋሪስ ይጨምራል። ሁለቱም ለሰውም ለከብትም መርዝ ናቸው፤ ለእጩ ግን ቀለብ ናቸው። እጩ አራት ጊዜ ቆዳውን እየቀየረ ያድጋል። በመጨረሻው ደረጃ ከ12 ሴንቲ ሜትር ሊበልጥ ይችላል፤ የእጅ ጣት ያህል ይወፍራል፤ ጅራቱ ላይ ሸካራና ቆልመም ያለ ቀንድ አለው።

ይህን የሚያህል ትል ቅጠል ላይ ተቀምጦ እንዴት አይታይም? ቀለሙ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቡናማ ሆነው የሚያድጉ እጮች አሉ። በአረንጓዴውና በቢጫው ጎን ላይ ሰባት ያዘነበሉ መስመሮች ተሰምረዋል፤ ከወይን ጠጅ እስከ ሰማያዊ ይደርሳሉ። መስመሮቹ የቅጠል ጅማትና ጥላ የሚወርድበትን አቅጣጫ ይከተላሉ፤ ወፍራሙን ገላም ለዓይን ቆራርጠው ብዙ ቁራጭ ያስመስሉታል። በዚያ ላይ የብርሃን ብልሃት አለ። ክብ ነገር ከላይ ብርሃን ሲወድቅበት ላዩ ይፈካል፣ ሥሩ ይጠቁራል፤ ወፍም ያን ጥላ አይታ ነው «ይኸ የሚበላ ገላ ነው» የምትለው። አሜሪካዊው ሠዓሊ አቦት ታየር በ1896 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው፣ ብዙ እንስሳት ብርሃን የሚያገኘውን ጎናቸውን አጥቁረው፣ ጥላ የሚያገኘውን አፍክተው ይወለዳሉ። ያኔ ጥላው ይጠፋል፤ ክቡ ገላ ጠፍጣፋ ይመስላል። ይህን ለማየት ሠዓሊ መሆን ሳይረዳው አልቀረም፤ ጥላ እየጣለ ጠፍጣፋ ሸራን ክብ ሲያስመስል የኖረ ሰው፣ ተፈጥሮ ያንኑ ገልብጣ ስትሠራ ቶሎ ገባው።

እጩ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ከበላ በኋላ ቀለሙ ይደበዝዛል። ከተክሉ ይወርድና መሬት ለመሬት ይዳክራል። ለስላሳ አፈር ሲያገኝ ቆፍሮ ይገባል፤ ግድግዳው የለሰለሰ ጠባብ ክፍል ይሠራና ቀላ ያለ ቡናማ ሙሽሬ ይሆናል። በአውሮፓ ብዙውን ጊዜ የሚያገኙት ድንች ቆፋሪዎች ናቸው። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ የአፈር ውስጥ ኑሮ ሌላም ጥቅም አለው፤ ከላይ የሣር እሳት ሲያልፍ አፈሩ ሙቀቱን ይይዘዋል፤ ጥቂት ጣት ያህል ወረድ ያለ ነገር ብዙም አይነካውም። ሞፈርና ትራክተር ግን ይደርሱበታል።

ከአፈር የወጣው በራሪ ቀኑን ግንድ ላይ ያሳልፋል። ይህን ጊዜ ምን እንደሚያደርግ ፍንጭ የሚሰጠን ጥናት ከደቡብ ኮሪያ ይመጣል። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት ቅርፊት የሚመስሉ ሌሎች የእሳት እራቶችን ተከታተለ። ብዙዎቹ ግንድ ላይ እንዳረፉ ዝም አይሉም፤ ጥቂት ይራመዳሉ፣ ይዞራሉ፣ ክንፋቸውን ያስተካክላሉ። የተቀመጡበትን ፎቶ እንዲፈልጉ የተሰጣቸው ሰዎች ነፍሳቱ ካረፉበት ከመጀመሪያው ይልቅ በኋላ የመረጡትን ቦታ ለማየት በጣም ተቸገሩ። ክንፉ ላይ ያለው መስመር ከቅርፊቱ ስንጥቅ ጋር እስኪገጥም ይፈልጋሉ ማለት ነው። ይህ ለእኔ ከቀለሙ በላይ አስደናቂ ነው። ራሱን በመስታወት አይቶ የማያውቅ ፍጡር የት እንደሚጠፋ ያውቃል።

ግንዱ ሲለወጥስ? የዚህ ዝነኛ ምስክር በእንግሊዝ የምትገኘው ነጭና ጥቁር ነጠብጣብ ያላት የእሳት እራት ናት። የፋብሪካ ጥቀርሻ የማንችስተርና የበርሚንግሃም ዛፎችን ሲያጠቁር ነጮቹ በወፍ ተለቀሙ፣ ጥቁሮቹ በዙ፤ አየሩ ሲጸዳ ነገሩ ተገለበጠ። ማይክል ማጄረስ የተባለው የካምብሪጅ ሊቅ በዚህ ላይ የተነሣውን ጥርጣሬ ለመቁረጥ ስድስት ዓመት በ4,864 የእሳት እራቶች ላይ ሙከራ አድርጎ ወፎቹ በእርግጥ ያልተመሳሰለውን እየመረጡ እንደሚበሉ አሳየ። ውጤቱ የታተመው እሱ ካረፈ በኋላ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ ዘንድ ዛፉን የሚያጠቁረው የጭስ ማውጫ ሳይሆን የየዓመቱ የሣር እሳት ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ሣር በተቃጠለ ማግሥት ጥቁር ሆነው የሚታዩ ፌንጣዎች ተመዝግበዋል፤ አመዱ ላይ ቢቆሙ አይለዩም። የባለ ራስ ቅሉ የፊት ክንፍም ጨለም ያለ በመሆኑ በተለበለበ ግንድ ላይ ይበልጥ ይጠፋል እንጂ አይጋለጥም።

አሁን ወደ ሌሊቱ እንግባ፤ የዚህ በራሪ ትልቁ ጥበብ ያለው እዚያ ነው።

በዚህ ክልል ባህላዊው ቀፎ ከሽመል ይሠራል። ሽመሉ ተሰንጥቆ እንደ ረጅም ቅርጫት ይጠለፋል፣ በሣር ይጠቀለላል፣ በጭስ ይታጠናል፣ ከረጅም ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ይሰቀላል። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ የክልሉ ማር አንዱ ትልቅ ቆረጣ የሚደርሰው የመስከረም አበባ ካለፈ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር ነው። በዚያ ወቅት፣ ሲመሽ፣ የቀፎው አፍ ላይ ጠባቂ ንቦች ተደርድረዋል። እያንዳንዷን ገቢ በአንቴናቸው ያሸታሉ። የሌላ ቀፎ ንብ እንኳ ብትመጣ ትያዛለች፣ ትነደፋለች። በዚህ መሐል ከማንኛቸውም ብዙ እጥፍ የሚበልጥ በራሪ እየተንቀጠቀጠ ያርፍና በእግሩ እየተራመደ ይገባል።

ሌሎች የዚህ ቤተ ዘመድ የእሳት እራቶች ከአበባ ጥልቅ የሚጠጡበት፣ አንዳንዴም ከገላቸው የሚረዝም ቀጭን የመምጠጫ ቱቦ አላቸው። የባለ ራስ ቅሉ ቱቦ ግን አጭር፣ ወፍራምና ጫፉ ሹል ነው። አበባ ላይ ብዙም አይጠቅመውም። የማር እንጀራውን የሰም ክዳን ለመብሳት ግን ተስማሚ ነው። ክዳኑን ይበሳል፣ ማሩን ይመጥጣል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል።

ንቦቹ ለምን አይገድሉትም? መልሱ በ1991 እ.ኤ.አ. በናቱርቪሰንሻፍተን መጽሔት ላይ ወጣ። ተመራማሪዎቹ የበራሪውን ገላ ሽታ ሲመረምሩ አራት የቅባት አሲዶች አገኙ፤ ፓልሚቲክ፣ ፓልሚቶሌይክ፣ ስቴሪክና ኦሌይክ። አራቱም በንብ ገላ ላይ አሉ፤ መጠናቸውና ውድራቸውም ከንቡ ጋር ተቀራራቢ ነው። ጨለማ ውስጥ ንብ ወገኗን የምታውቀው በጠረን ነው። በጠረን ቋንቋ ይህ ግዙፍ እንግዳ «ከዚሁ ቤት ነኝ» ይላል። ቀን በዓይን ፊት ቅርፊት የሆነው ፍጡር ሌሊት በአፍንጫ ፊት ንብ ይሆናል ማለት ነው። ሁልጊዜ አይሳካለትም። ወፍራም ቆዳውና የተወሰነ መርዝ የመቋቋም አቅሙ ይረዱታል እንጂ ፈጽሞ አያድኑትም፤ ከተያዘ ይሞታል፤ አውጥተው መጣል የማይችሉትን ሬሳ ንቦቹ በሙጫ ለብጠው ይተዉታል።

ጩኸቱም ከቀፎው ጋር ሲያያዝ ኖሯል። አንዳንዶች የንግሥቲቱን ድምፅ እየመሰለ ሠራተኞቹን ያደነዝዛል ብለዋል። እኔ ከዚህ ይልቅ የሚያሳምነኝ የሚነካውን ጠላት ያስደነግጥበታል የሚለው ነው፤ ቀን ግንድ ላይ ሲነካም የሚጮኸው ያንኑ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ድምፁ እንዴት እንደሚወጣ ዘርዝሯል። በራሪው በቱቦው አየር ወደ ጉሮሮው ይስባል፤ በጉሮሮው አፍ ላይ ያለው ትንሽ ክዳን እየተርገበገበ የተከታተለ ትርታ ያሰማል፤ ከዚያ አየሩን መልሶ ሲያስወጣ ሁለተኛው ድምፅ ይከተላል። ለመምጠጥ የተሠራ አካል ለመጮህ ዋለ።

የጄኔቫው ፍራንሷ ሁበር ይህን ሌባ በ1800ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ገልጾታል። ሁበር ከወጣትነቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነበር፤ ንብን ያጠናው በረዳቶቹና በቤተሰቡ ዓይን ነው። ንቦቹ የበራሪዎቹ ዘረፋ ሲበዛባቸው የቀፎውን አፍ በሰምና በሙጫ ግድግዳ አጥብበው ለራሳቸው ብቻ የሚበቃ ቀዳዳ ሲተዉ መዝግቧል። በጠረኑ የሚያታልለውን ሌባ የበሩ ጥበት ከለከለው።

ለማር ቆራጩ ገበሬ ግን ባለ ራስ ቅሉ ዋና ጠላት አይደለም። የሚጠጣው ጥቂት ማር ነው። ጉንዳን ይብሳል። የሰም የእሳት እራት ይብሳል፤ እጩ ሰሙን እየበላ እንጀራውን በድር ይሞላዋል፣ የደከመ መንጋ ቀፎውን ጥሎ ይሄዳል። የሰም የእሳት እራቱም በበኩሉ አመድማ ክንፉን ከአሮጌ እንጨት ጋር አመሳስሎ ይውላል። ባለ ራስ ቅሉን ቀፎ ውስጥ ያገኘ ሰው ከነሕይወቱ አውጥቶ ቢለቀው ብዬ እለምናለሁ።

ሌሊት ሌላም አዳኝ አለ፤ እሱን ቀለምም ሽታም አያታልሉትም። የሌሊት ወፍ የሰው ጆሮ የማይሰማው ቀጭን ድምፅ ታወጣለች፤ የድምፁን ነጸብራቅ ሰምታ የነፍሳቱን ቦታ ታውቃለች። ባለ ራስ ቅሉ ይህን ድምፅ ይሰማል፤ የሚሰማውም በአፉ ዙሪያ ባሉ ትናንሽ አካላት ነው። ጆሮ የሌላቸው የእሳት እራቶች ደግሞ ሌላ ልብስ አላቸው። የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጧቸው ጥናቶች የአንዳንዶቹ የደረት ጠጉር ከሚደርስበት የድምፅ ኃይል እስከ 85 በመቶ እንደሚውጥ፣ የክንፍ ቅርፊቶቻቸውም ስስ ሆነው ሳለ ድምፅ እንደሚያፍኑ አሳዩ። ክንፋቸው ከተመረመረው መካከል ዳክቲሎሴራስ ሉሲና የተባለ የአፍሪካ የእሳት እራት ይገኝበታል። በጨለማ ውስጥ ለጆሮ አለመታየት ይቻላል፤ እኔ ይህን ሳነብ መሸሸግ የሚለውን ነገር እንደ አዲስ ማሰብ ነበረብኝ።

የእሳት እራት ሁሉ እንዲወደድ አልጠይቅም። በ2017 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በደቡብ ምዕራብ፣ በሸካ ዞን የኪ ወረዳ መጀመሪያ የታየው መጤ ተምች ከአሜሪካ የመጣ የእሳት እራት ልጅ ነው፤ በወራት ውስጥ በብዙ ክልሎች በቆሎን አጠቃ። ገበሬው መድኃኒት መርጨቱ አይፈረድበትም። መድኃኒቱ ግን ለይቶ አይገድልም፤ በማሳው ዳር እንቧይ ላይ የተቀመጠውን እጭና አበባ ላይ ያለችውን ንብ አብሮ ይወስዳል።

ከመርጨቱ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የግንዶቹ መቀነስ ነው። አሶሳ ዙሪያ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች የተሰጣቸውን ደን መንጥረው አርሰዋል፤ ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም። ከዚያ በኋላ ትልልቅ እርሻዎች፣ የከሰል ንግድ፣ የወርቅ ቁፋሮ ተከታተሉ። በጉባ የተገነባው የሕዳሴ ግድብ ንጋት ሐይቅ ሲሞላ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፤ ከሥሩ የገባው ሸለቆ አብዛኛው ዛፍና ሣር ነበር። ግድቡ ለአገር የሚሰጠውን ብርሃን ማንም አይክድም፤ እኔም አልክድም። ሐይቁ ዳር የቀረውን ደን መጠበቅ ግን የዚያው ሥራ አካል መሆን አለበት፤ ደለሉን የሚይዘው እሱ ነውና። ሽመሉም የራሱ አደጋ አለው፤ በብዙ ዓመታት አንዴ በጅምላ አብቦ በጅምላ ይሞታል። ችግኙ እስኪያድግ እሳትና ከብት ካልተከለከሉለት ቦታው ሣር ሆኖ ይቀራል። ያኔ ቀፎ የሚጠልፈውም፣ ግንድ ፈልጎ የሚያርፈውም እኩል ይቸገራሉ።

እሳቱን ፈጽሞ ማስቀረት አይቻልም፤ አያስፈልግምም። አዲስ ሣር ለከብት፣ ግልጥ ሜዳ ለአደን፣ የጸዳ ማሳ ለማሽላ የሚገኘው በእሳት ነው፤ የጉሙዝና የበርታ ገበሬ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ልዩነቱ ጊዜው ላይ ነው። ሣሩ ግማሽ እርጥብ ሳለ በኅዳር የተለቀቀ እሳት ዝቅ ብሎ ያልፋል። በየካቲትና በመጋቢት የተነሣው ግን ዛፍ ይገድላል፣ ቀፎም ያቃጥላል።

ይህን በራሪ ማየት የሚፈልግ ሰው ብዙ ዕቃ አያስፈልገውም። የአሶሳ ተማሪዎችና መምህራን ይህን ቢያደርጉ በጣም ደስ ይለኛል። ጨረቃ በሌለችበት የጥቅምት ሌሊት፣ ከከተማው መብራት ወጣ ብሎ፣ ነጭ አንሶላ በሁለት ዛፍ መካከል ወጥሮ ከፊቱ ደማቅ አምፖል ማብራት ይበቃል። ከመሸ ጥቂት ቆይቶ መምጣት ይጀምራሉ፤ ሥንጥር በገላው ለጥፎ ቤቱን ተሸክሞ ሲሄድ የምናውቀው ትል አድጎ ክንፍ ያወጣው፣ ቅጠል የሚመስለው፣ ዓይን የሚያህል ክብ በክንፉ ያለው፣ እድል ከቀናም ባለ ራስ ቅሉ። እያንዳንዱን በስልክ ፎቶ አንስቶ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን መጻፍ ነው። ሌሊቱ ሳያልቅ ግን አምፖሉ ይጥፋ፤ አንሶላውም ወደ ቁጥቋጦው ውስጥ ቀስ ተብሎ ይራገፍ። ነጭ ጨርቅ ላይ ቅርፊት መምሰል አይቻልም፤ ጎሕ ሲቀድ የመጀመሪያዎቹ ወፎች ቀጥ ብለው ወደዚያ ይመጣሉ።